ስለ ቃርና ስለ ማስታገሻው
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ የበዓል ቀን ስለ ጨጓራ ልንናገር ማሰባችን በተሰማ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቻችን ሣቁብን። ስለ ዓባይ ወይም ስለ ጣና ገዳማት ብትናገሩ ይሻላችሁ ነበር ያሉንም አሉ። ዳሩ ግን ከዚህ አዳራሽ በኪሱ ወይም በቦርሳው የቃር ኪኒን የያዘ ሰው እጁን ያንሣ ብንል፥ የሚነሡት እጆች ጥቂት እንደማይሆኑ እንገምታለን። ስለዚህ ርእሳችንን አልለወጥንም።

በአገራችን ሰው ሲታመም «ጨጓራ አለብኝ» ይላል። ጨጓራ የሌለው ሰው የለምና አነጋገሩ ያስገርማል፤ ሆኖም ምን ማለቱ እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከደረቱ በታች ያቃጥለዋል፤ ወደ ጉሮሮውም የሚኮመጥጥ ውኃ ይመጣበታል።

ጨጓራችን ምግብን ለማላምና አብረው የገቡትን ተሕዋስያን ለመግደል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያመነጫል። ይህ አሲድ ብርቱ ስለ ሆነ፥ ጨጓራው ራሱ እንዳይጎዳ ውስጡ በዝልግልግ ፈሳሽ ተለብጧል። አሲዱ ወደ ላይ ወደ ምግብ ቧንቧ ሲወጣ ወይም ልባሱ ሲሳሳ ማቃጠሉ ይሰማናል። አንታሲድ የምንለው መድኃኒት ይህንን አሲድ የሚያረግብ ነው። የኬሚስትሪ ተማሪዎች ይህን በዓይናቸው ሊያዩት ይችላሉ፤ ሰማያዊ የሊትመስ ወረቀት በሎሚ ጭማቂ ቢነከር ይቀላል፤ በጭማቂው ላይ ተፈጭቶ የላመ የማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ ኪኒን በብዛት ቢጨመርበትና ቢማሰል ግን ወረቀቱ ወደ ሰማያዊነቱ ይመለሳል። ሙሉ ኪኒን ቢጣልበት ነገሩ በጣም ይዘገያል። የሚታኘከውን ኪኒን አኝካችሁ ዋጡ የሚባለውም ስለዚህ ነው።

ማግኒዥየም ያለበት ሆድ ያላላል፤ አሉሚኒየም ያለበት ሆድ ያደርቃል፤ ስለዚህም ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተቀላቅለው ይሠራሉ። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን ሁለቱንም ከሰውነቱ በደንብ ማስወጣት ስለማይችል ያለ ሐኪም ፈቃድ አይውሰድ። አንዳንድ ሰው ለዳቦ የሚገባውን ቤኪንግ ሶዳ በውኃ በጥብጦ ይጠጣል። ይህ ቶሎ ያሳርፋል፤ ነገር ግን በውስጡ ሶዲየም አለበትና ደም ግፊት ላለበትና ለነፍሰ ጡር አይስማማም፤ በጠገበ ሆድም ላይ ብዙ ጋዝ ይፈጥራል። ወተትም ለጊዜው ያበርዳል፤ ኋላ ግን ጨጓራው ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ያደርገዋል። የእናቶቻችንን ተልባ አንነቅፍም፤ ቁስልን ግን ያድናል ብለን አንናገርም።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር እንጨምር። አንታሲድ በባዶ ሆድ ቢወሰድ ቶሎ ከጨጓራ ስለሚወጣ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ይሠራል። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ ቢወሰድ ግን እስከ ሦስት ሰዓት ይቆያል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ ለሚውል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ያለ ምግብ ኪኒን ላይ ኪኒን ቢደራርብ የሚያገኘው ዕረፍት ጥቂት ነው። የታመመ ጿሚ ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ቢያማክር ይሻለዋል። ፈሳሹን መድኃኒት የሚወስድም ጠርሙሱን በደንብ ይነቅንቅ፤ አብሮ በመጣው መስፈሪያም ይለካ። ከጠርሙሱ አፍ መጎንጨት ልክ አይደለም።

ደግሞም አንታሲድ ሌላውን መድኃኒት ይይዘዋል። ዶክሲሳይክሊን፥ ቴትራሳይክሊን ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን ከአንታሲድ ጋር አብሮ ቢዋጥ በሆድ ውስጥ ይተሳሰርና ወደ ደም የሚገባው ያንሳል፤ በሽተኛውም መድኃኒቱን እየዋጠ በሽታው አይለቀውም። ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚሰጠው የብረት ኪኒንም እንደዚሁ ነው። ለአብዛኞቹ ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ያስፈልጋል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ግን ከአንታሲዱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይወሰዳል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አንታሲድ ከመጨመሩ በፊት ለሚያክመው ባለሙያ ይንገር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመጣለን። ከመካከላችን የአንዱ አጎት በጣና ላይ ዓሣ ያጠምዳሉ። መረብ ሲስቡ ውለው መገጣጠሚያቸውን ስለሚያማቸው ማታ ማታ ዲክሎፌናክ ይውጡ ነበር፤ ይህ መድኃኒት ደግሞ የጨጓራን ልባስ ይጎዳል። ቀን ሲያቃጥላቸው የቃር ኪኒን ያኝካሉ፤ ማታ እንደ ገና ዲክሎፌናኩን ይውጣሉ። ከሁለት ዓመት በላይ እንዲህ ኖሩ። ቃጠሎው ሲመጣ ኪኒኑ ስለሚያበርደው ሐኪም ዘንድ መሄድ አላስፈለጋቸውም። በመጨረሻ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቆረ፤ ከታንኳቸውም ሲወርዱ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ለካስ ጨጓራቸው ቆስሎ ወደ ውስጥ ይደማ ኖሯል። ደም ተሰጥቷቸውና ታክመው ድነዋል፤ ዛሬም መረባቸውን ይጥላሉ። ነገር ግን ሆስፒታል የደረሱት በሰው ሸክም ነው።

አንታሲድ ያለውን አሲድ ያረግባል እንጂ የቁስሉን ምክንያት አያጠፋም። ቀድሞ በዓለም ሁሉ የጨጓራ ቁስል ከጭንቀትና ከሚያቃጥል ምግብ ይመጣል ተብሎ ይታመን ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1982 ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት የአውስትራልያ ሐኪሞች በጨጓራ ውስጥ የሚኖር ጠማማ ባክቴሪያ አሳድገው አሳዩ። የሚያምናቸው ስለ ጠፋ በ1984 ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣና ጨጓራው ታመመ። በ2005 ሁለቱም የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ይህ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ በአገራችንም በብዙ ሰው ሆድ ውስጥ አለ፤ ከሚሸከሙት አብዛኞቹ ሳይታመሙ ይኖራሉ፤ በአንዳንዱ ግን ቁስል፥ አልፎ አልፎም ካንሰር ያመጣል። በሰገራ ምርመራ ይታወቃል፤ ሐኪም በሚያዛቸው ልዩ ልዩ መድኃኒቶችም በአብዛኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። እንግዲህ በርበሬውንና የዘጌን ቡና ብቻ መወንጀል አይገባም፤ ያለውን ሕመም ሊያባብሱ ቢችሉም።

ስለዚህ የተከበራችሁ ወላጆቻችን፥ በድንገት ለመጣ ቃር ጥቂት ቀን ኪኒን መውሰድ አይከፋም። ሁለት ሳምንት ካለፈው፥ ወይም በተመለሰ ቁጥር ኪኒን የምትፈልጉ ከሆነ፥ ምርመራ ያስፈልጋችኋል። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፥ ደም ወይም የቡና አተላ የሚመስል ካስታወከ፥ ምግብ ሲዋጥ ከተናነቀ፥ ሰውነት ያለ ምክንያት ከከሳ ግን አንድ ቀንም አትቆዩ። (የብረት ኪኒን ብቻውን ሰገራን ያጠቁራል፤ የምትወስዱ ከሆነ ተናገሩ።) ደረትን ጨምድዶ ወደ ክንድ የሚሄድና የሚያልብ ሕመም ደግሞ የልብ ሊሆን ስለሚችል ኪኒን እያኘካችሁ አትጠብቁ።

በከተማችን ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን የሚባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች አሉን፤ ለመጀመሪያው ምርመራ ግን በየሰፈሩ ያለው ጤና ጣቢያ ይቀርባል። ስትሄዱ የምትውጡትን ኪኒን ሁሉ፥ ለራስ ምታትና ለወገብ የምትገዙትንም ጭምር፥ ከነመጠቅለያው ይዛችሁ ሂዱ። ስሙን ብትረሱት ሐኪሙ ያነበዋል።