የአል አይን ውሃ ተራ

እሷ፦ ጋሼ፣ በኤምሬቶች ያለችው አል አይን የተምር ዛፎቿን በምን ነበር የምታጠጣው?

እሱ፦ ፈለጅ በሚሉት የመሬት ውስጥ ቦይ፤ ዛሬም አለ። ሼክ ዛይድ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ አካባቢውን ሲያስተዳድሩ የተደፈኑትን አስጠርገዋል። ውሃው በተራ ነው፤ ተራ የሚያስጠብቀው ሰው ዓሪፍ ይባላል፤ የእኛ ገበሬ የውሃ አባት እንደሚለው። ተራው ያለፈበት ጎረቤቱን ይለማመጥ ነበር።

እሷ፦ የዛሬ ልጅ ቧንቧ ይከፍታላ!

እሱ፦ ጊዜው ተለወጠ፤ የአቡ ዳቢ ነዳጅ እ.ኤ.አ. በ1958 ተገኘ፤ በ1976 ደግሞ እዚያው አል አይን ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ፊደል ያልቆጠረች አያት የልጅ ልጇን አስመረቀች።

እሷ፦ ወጣቱ ጎረቤት ረሳ ሊሉኝ ነው?

እሱ፦ ኧረ በፍጹም! ይህን ሐሜት አልወደውም። ጎረቤትን መለማመጥ ያስቀረው ቧንቧው ነው፤ የልጁ ጠባይ ምን አጠፋ?

እሷ፦ አቡ ዳቢ ያላችሁ አድማጮቻችን፣ አል አይን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ልጆቻችሁን ወስዳችሁ ፈለጁን አሳዩ።