ምስማሯን መልሳችሁ ምቱ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ መምህራን፣ ወላጆች፤ ስማችሁን በየማዕረጋችሁ ልዘርዝር ብል ፀሐዩ ተመራቂዎቹን ጥቁሩ ጋውን ውስጥ ይቀቅልብኛል። ሁላችሁንም ዝቅ ብዬ እጅ እንደነሳሁ ቁጠሩልኝ።

እኔ ጋውን ለብሼ አላውቅም። ግንባታ የገባሁት በ1986 ዓ.ም. ባሬላ ተሸክሜ ነው። ዛሬ ፎርማን ሆኜ ሕንፃ ባስረክብም አንድ አመል አልለቅ ብሎኛል፤ ልጆቼ «የአባባ ምስማር» ይሉታል። ሰው ቤት ገብቼ የላላ ምስማር ካየሁ ቡናው አይጥመኝም። ከየት እንደመጣብኝ ልንገራችሁ።

ባሬላውን እንዳስቀመጥኩ አንድ ለሳኝ ረዳቱ አደረገኝ። ጋሼ እለው ነበር። ጠዋት ከስም ጥሪ በኋላ ዳቦውን ገምሶ ትልቁን ለእኔ ይሰጠኛል፤ «አንተ ገና ታድጋለህ፣ እኔ እንግዲህ ወደ ማጠሩ ነኝ» እያለ። የአንደኛ ፎቅ የውጭ ግድግዳ እየለሰንን ነበር። መወጣጫችን የባህር ዛፍ አጣና፣ መቆሚያችን ጣውላ፤ ከመሬት 3 ሜትር ቢሆን ነው።

ከምሳ በፊት ፎርማኑ ከሶሌታው ላይ «ጣውላ አምጡ!» ብሎ ጮኸ። ከምንቆምባቸው ሁለቱ ጫፍ ለጫፍ ተደራርበው አንድ አግዳሚ አጣና ላይ ተመትተዋል። አንዱን ለመውሰድ የሁለቱንም ምስማር መንቀል ነበረብኝ። ነቀልኩ። የቀረው ጣውላ ከአግዳሚው አልፎ ግማሽ ሜትር ያህል አየር ላይ ተንጠለጠለ፤ ምስማር የለው፣ ከሥሩ ድጋፍ የለው። ሁለቱን ምስማሮች ኪሴ ከተትኩና «ከምሳ በኋላ እመታቸዋለሁ» አልኩ። ምሳው ሽሮ ነበር። ሠላሳ ዓመት አልፎትም ጣዕሙ አፌ ውስጥ አለ።

ጋሼ ቀድሞኝ ተመለሰ። ባልዲውን በግራ፣ ማንኪያውን በቀኝ ይዞ ወጣና ያቺን ጫፍ ረገጣት። ጣውላው እንደ ሚዛን ክንድ በወዲያ በኩል ብድግ አለ። እኔ የሰማሁት የባልዲውን ድምፅ ብቻ ነው። ከ3 ሜትር የሚወድቅ ሰው መሬት ለመድረስ አንድ ሰከንድ አይፈጅበትም፤ ሲደርስ ግን ፍጥነቱ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «እናቴ!» ለማለት እንኳ አይበቃም። ጀርባው የፌሮ ክምር ላይ አረፈ። ነፍሱ ተረፈች፤ ወገቡ ግን ዳግመኛ አልተቃናም። ማታ ኪሴን ስዳብስ ምስማሮቹ እዚያው አሉ።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ከፍታ ሲባል 20ኛ ፎቅን ብቻ አታስቡ። 20ኛ ፎቅ ላይ ሰው ይፈራል፤ ፍርሃቱ ይጠብቀዋል። አንደኛ ፎቅ ላይ ግን ያፏጫል፣ ስልክ ያነሳል፣ በነጠላ ጫማ ይወጣል። እዚያ ኋላ ፎቶ ለማንሳት የፕላስቲክ ወንበር ላይ የቆምከው ወንድሜ፣ አንተንም ነው፤ ውረድ!

ለተግባር ልምምድ ስትመጡም አይቻችኋለሁ። የሴፍቲ ኃላፊው ሲመጣ ሄልሜታችሁን ታጠልቃላችሁ፤ ሲሄድ ትቀመጡበታላችሁ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ፣ ሠራተኛውም በተሰጠው እንዲጠቀም ያስገድዳል። ካልሰጧችሁ ጠይቁ፤ ነውር የለውም። ቀበቶ ስትታጠቁ ደግሞ የት እንደምታስሩት ተመልከቱ። የምትቆሙበት አጣና ራሱ እየተንገዳገደ እሱ ላይ ማሰር አብሮ ለመውደቅ መፈራረም ነው። መሰላል 4 ሜትር ከፍ ሲል እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ፣ ጫፉም ከምትወርዱበት ወለል 1 ሜትር ያህል ይለፍ። የሶሌታ ቀዳዳን በሲሚንቶ ከረጢት አትሸፍኑ፤ ያ ወጥመድ ነው። በጣውላ ሸፍኑት፣ ጣውላውንም ምቱት።

ያው ዞሬ ዞሬ ምስማር ላይ ደረስኩ። ልጆቼ ቢሰሙኝ ይስቁ ነበር። ግን እኮ ነገሩ ሁሉ እዚያው ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የጎልደን ጌትን ድልድይ ሲሠሩ ከሥር መረብ ዘርግተው ነበር፤ የ19 ሰዎችን ሕይወት አተረፈ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1937 ግን ሠራተኞቹ የቆሙበት መድረክ ራሱ ተገንጥሎ መረቡን ቀድዶ ወረደ፤ 10 ሰዎች ሞቱ። መቆሚያው ካልጸና መረብም፣ ቀበቶም፣ ሄልሜትም ብቻቸውን አያተርፉም። መቆሚያውን የሚያጸናው ደግሞ ኢንጂነሩ ቢሮ ያለው ወረቀት አይደለም፤ ምሳ ሰዓት ደርሶበት፣ ሆዱ እየጮኸ፣ «ቆይ፣ ይቺን መትቼ ልምጣ» የሚል ልጅ ነው።

ለጋሼ እውነቱን የነገርኩት ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ነበር። ሁለቱን ምስማሮች ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩና ተናዘዝኩ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ብዙ ዝም አለና፣ «አንተስ ነቀልክ፤ እኔ ሃያ ዓመት የሠራሁት ሰውዬ ሳልነቀንቅ ለምን ረገጥኩ?» አለኝ። ከዚያ መዶሻ አስመጣ፤ በአንደኛዋ ምስማር የቀን መቁጠሪያውን ሰቀለ። ሌላዋን መለሰልኝ፤ ይቺውላችሁ።

እንግዲህ የነቀለ ይምታ፣ የሚወጣም ይነቅንቅ። ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለኝም። ዲፕሎማችሁን ግድግዳ ላይ ስትሰቅሉም ምስማሯን አጥብቃችሁ ምቱ፤ እናቶቻችሁ ለዚያች ወረቀት ብዙ ደክመዋል። እንኳን ደስ አላችሁ!

ወንድሜ፣ አሁንም ከወንበሩ አልወረድክም?