ለካርፕ ዓሣ ማጥመጃ የሚሆን የመንጠቆ ክር አመራረጥ

(በዩኒየኑ የምስረታ በዓል ለአባላት የቀረበ ንግግር)







በቆላው አካባቢ ሀብት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ከብትና ግመል ነው። ይሁን እንጂ የወደራና የነገሌ አካባቢ የገናሌ ወንዝ ባለቤትም ነው። በጥር 2012 ዓ.ም. የተመረቀውና 254 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የገናሌ ዳዋ 3 ግድብም ሰፊ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ፈጥሯል። በመሆኑም ዓሣ ለማጥመድ የሚያስብ ወጣት ገንዘቡን መሣሪያ ላይ ከማውጣቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ትንሽ ትኩረት የሚሰጠው ክሩ ነው፤ ዓሣው የሚያመልጠው ግን ብዙውን ጊዜ በክሩ ምክንያት ነው።

ካርፕ በአገራችን ነባር ዓሣ አይደለም። ከጣሊያን መጥቶ በአባ ሳሙኤል ግድብ የተጨመረ ሲሆን፣ ዛሬ በዝዋይና በቆቃ እየተጠመደ ለገበያ ይቀርባል። በገናሌ ወንዝ የሚገኘው ቢልጫ የካርፕ ዘመድ ነው። እንዲያውም አንዱ የቢልጫ ዝርያ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከገናሌ ነው። ስለዚህ ስለ ካርፕ የተገኘው ልምድ ለገናሌ አጥማጅም ይጠቅማል። ልምዱ ይምጣ እንጂ ዓሣው ራሱ ያለ ባለሙያ ውሳኔ ወደ ገናሌ ሊገባ አይገባም፤ ባዕድ ዓሣ አንዴ ወንዝ ከገባ መልሶ ማውጣት አይቻልምና።

ካርፕ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። ምግቡን በከንፈሩ ስቦ ይቀምሳል፤ ካልተመቸው ወዲያው ይተፋዋል። ወፍራም ክር ግትር ስለሆነ ማባበያውን ያከብድበታል። ከዚህም በላይ ነፋስ ወፍራሙን ክር እየገፋ ተንሳፋፊውን ቡሽ ከቦታው ይጎትተዋል። አጥማጁም ቡሹን ያንቀሳቀሰው ዓሣ ይሁን ነፋስ መለየት ያቅተዋል። በሌላ በኩል ከመጠን በላይ የቀጠነ ክር ዓሣው ሲፈራገጥ ይበጠሳል።

በመሆኑም ክር ሲመረጥ የሚከተሉት ነጥቦች ሊታዩ ይገባል።

1ኛ. ዓይነቱ፦ ለጀማሪ የሚሻለው ተራ ነጠላ ናይለን ነው። ዋጋው ይቀላል፤ ስለሚለጠጥም ዓሣው በድንገት ሲጎትት ኃይሉን ያበርዳል። የተጎነጎነው ክር ቀጭንና ጠንካራ ቢሆንም አይለጠጥም፤ እጅም ይቆርጣል።

2ኛ. ውፍረቱ፦ በጥቅሉ ላይ የሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች ውፍረቱን በሚሊ ሜትር፣ ጥንካሬውን በኪሎ ግራም ወይም በፓውንድ ያሳያሉ። 10 ፓውንድ 4.5 ኪሎ ያህል ነው። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው አራት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ከ1 እስከ 3 ኪሎ ለሚመዝን ካርፕ፣ ውሃው ሣርና ድንጋይ ከሌለበት 0.25 ሚሊ ሜትር ይበቃል። እንደ ገናሌ ድንጋይ ባለበት ውሃ ግን ክሩ ስለሚፋቅ 0.30 ይመረጣል።

3ኛ. የመጨረሻው ቁራጭ፦ መንጠቆው የሚታሰርበት ክር ከዋናው ይቅጠን፤ ዋናው 0.25 ከሆነ 0.20 ይሁን። ድንጋይ ቢይዘው የሚበጠሰው እሱ ብቻ ስለሆነ ቡሹና ዋናው ክር ይተርፋሉ።

4ኛ. ቋጠሮው፦ ክር አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ቋጠሮው ላይ ነው። ናይለን ደረቁን ሲጠብቅ በፍትጊያ ስለሚሞቅ ይዳከማል፤ ስለዚህ በምራቅ ወይም በውሃ አርሶ ቀስ እያሉ ማጥበቅ ይገባል።

ክሩ እንደ ጽሑፉ ጠንካራ መሆኑን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። ጀሪካን ላይ 3 ሊትር ውሃ ጨምሮ፣ የረጠበውን ክር ከነቋጠሮው አስሮ ቀስ ብሎ ማንሳት ነው። ካልቻለ፣ ጥቅሉ ላይ ምንም ይጻፍ ምን፣ 3 ኪሎና የጀሪካኑን ክብደት የሚችል ክር አይደለም። ፀሐይ ናይለንን ስለምታደክም ይህ ፈተና ከየወቅቱ በፊት ይደገም፤ ክሩም በጥላ ይቀመጥ። በጣት ሲዳሰስ የሻከረው ክፍል ተቆርጦ ይውጣ።

በመጨረሻም ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ የተጣለ ክር ነው። ናይለን ለብዙ ዓመታት አይበሰብስም። ከብት በሚጠጣበት ዳርቻ የወደቀ ክር የጥጃ እግር ያስራል፤ የወፍ ክንፍ ይጠላልፋል፤ ከሣር ጋር ከተዋጠም ከብትን ይጎዳል። በዓሣ የተገኘው ገቢ በጊደር ኪሳራ ከተተካ ትርፉ ምን ላይ ነው? ስለሆነም እያንዳንዱ አጥማጅ ቁርጥራጩን ሰብስቦ፣ አሳጥሮ ቆራርጦ፣ ከውሃና ከግጦሽ ርቆ በጉድጓድ ይቅበር። አመራሩም ዓሣ አጥማጆች ሲደራጁ ይህን በመተዳደሪያ ደንባቸው እንዲያካትቱ ቢያግዝ መልካም ነው። ዩኒየኑ ደግሞ ትልቅ ጥቅል በጅምላ ገዝቶ፣ በጀሪካን ፈትኖ ለአባላት ቢያከፋፍል የአባሉ ገንዘብ ከብላሽ ይድናል።