ኖታ ጽፎ መሸጥ

እሱ፦ አንድ ፒያኒስት የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲዋን የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ሥራ በኖታ ጻፍልኝ፣ እከፍልሃለሁ ቢለኝ ምን አለበት? ሰምቼ የምለቅመው እኔ፣ ድካሙ የኔ!

እሷ፦ ድካሙ ያንተ፣ ዜማው የሳቸው። ያረፉት በ2015 ዓ.ም. ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። ማባዛትም ማቀናበርም የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል።

እሱ፦ ለዋሽንት ባመቻቸውስ?

እሷ፦ እሱ እኮ ራሱ ማቀናበር ነው! ሲዲያቸውን መግዛትህም ፈቃድ አይሆንህም።

እሱ፦ የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የባክን ሥራ ብጽፍስ?

እሷ፦ ባክ ከሞተ ከ250 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዜማው ነፃ ነው። ሌላ ሰው በቅርቡ ያቀናበረውን ግን ፎቶ ኮፒ አድርገህ እንዳትሸጥ፤ ያም ሰው እንዳንተው ለፍቷል። ለእማሆይ ሥራ ግን መጀመሪያ ወራሾቻቸውን ወይም አሳታሚያቸውን ጠይቅ፤ ለየትኛው መሣሪያ፣ ስንት ቅጂ እንደሆነ በጽሑፍ ተስማማ፤ ከዚያ ዋጋህን ቁረጥ።