ካርቡራተር፦ የከረመ የጀልባ ሞተር እንዴት ይነሣል?

የዛሬው ርእስ ካርቡራተር ነው። ካርቡራተር ቤንዚንን ከአየር ጋር በመጠን ቀላቅሎ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ክፍል ሲሆን፣ በጣና ሐይቅ ጀልባዎች ጀርባ ላይ በሚታሰሩት ነባር ሞተሮችም ሆነ በቦንጋ ሱቆች ደጃፍ በሚንጫጩት ትንንሽ የቤንዚን ጄኔሬተሮች ውስጥ ሥራው አንድ ነው።

ታዲያ ለዓመታት የቆመ ሞተር ለምን እምቢ ይላል? በካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ቀላል ክፍሉ ተንኖ ሲያልቅ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይተዋል፤ ይህም ዝቃጭ ቤንዚኑ የሚያልፍበትን እጅግ ጠባብ ቀዳዳ ይደፍነዋል። በካፋ ምድር ቡና የሚቀዳ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል፤ ጀበናው ሙሉ ሆኖ ሳለ አፉን አተላ ከዘጋው ሲኒው ባዶ ይቀራል።

እንግዲህ መካኒኩ በቅድሚያ ካንዴላውን፣ ማለትም ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ ሰጪ፣ ፈትቶ ይመለከታል፤ ብልጭታ ካለ ጥርጣሬው ወደ ካርቡራተሩ ይዞራል። ካርቡራተሩ ተፈትቶ በማጽጃ ይታጠባል፤ ቀዳዳውም በአየር ግፊት ይነፋል እንጂ በሽቦ አይጎረጎርም፣ ጥቂት እንኳ ከሰፋ የቤንዚኑ መጠን ይዛባልና። ብዙዎቹ ነባር ሞተሮች ባለ ሁለት ምት በመሆናቸው ደግሞ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይሞላል።

ከዚያ ሙከራው ይመጣል፤ እዚህ ላይ ችኩሎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። የጀልባ ሞተር የሚቀዘቅዘው በሐይቁ ውሃ ስለሆነ፣ በየብስ ሲሞከር የታችኛው ክፍሉ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ መጥለቅ አለበት፤ አለዚያ የውሃ መሳቢያው የጎማ ክፍል በአጭር ጊዜ ውስጥ ግሎ ይበላሻል።