ቁጥሩ «የት» ይላል እንጂ «መቼ» አይልም
ስለ ጊታር ታብላቸር ምልክቶችና ስለ ስልተ ምት አነባበብ የቀረበ ንግግር



የዛሬው ርእስ መሐንዲሶች ለተሰበሰቡበት ጉባኤ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ስለ ድልድይና ስለ ውኃ መስመር በሚነገርበት መድረክ ላይ ጊታር ምን አመጣው የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ አንድ ሰው ያሰበውን በወረቀት አስፍሮ፣ እርሱ በሌለበት ሌላው አንብቦ እንዲሠራው ማድረግ የምሕንድስና ሙያ የዘወትር ጣጣ ነው። የጊታር ታብላቸርም ጣጣ ከዚህ አይለይም።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሆሳዕና፣ እንዲሁም በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በአንጋጫ፣ በሺንሺቾና በዶዮገና ጊታር እንግዳ መሣሪያ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የመዘምራን ቡድኖች ዘንድ ከኪቦርድ ጋር አብሮ ይደመጣል፤ በሠርግና በከተማ በዓልም አይጠፋም። ብዙዎቹ ወጣቶች ጊታር የሚማሩት በሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብተው አይደለም። ከታላቅ ወንድም፣ ከጓደኛ፣ ከስልክ ላይ ከታየ እጅ፣ ከዚያም ከደብተር ነው። በደብተሩ ላይ የሚገኘውም አምስት መስመር ያለው ኖታ ሳይሆን ስድስት መስመርና ቁጥር ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ወጣት በሀዲይሳ ወይም በከምባቲሳ አዲስ መዝሙር ደርሶ የጊታሩን መግቢያ በዚሁ ዓይነት በደብተር አሰፈረ እንበል። ከዓመት በኋላ ልጁ እንደ ብዙዎቹ የአካባቢው ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ደብተሩ ግን ቀረ። ተተኪው ደብተሩን ይገልጣል፤ ጣቱን የት እንደሚያስቀምጥ አንድም ሳይሳሳት ያነብባል፤ የሚወጣው ድምፅ ግን መዝሙሩ አይደለም። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። የጠፋው ጊዜው ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ታብላቸር ምን እንደሆነ በአጭሩ መመልከት ያስፈልጋል። ስድስቱ መስመሮች የጊታሩ ስድስት ክሮች ናቸው። ዛሬ በተለመደው አጻጻፍ የላይኛው መስመር ቀጭኑ አንደኛ ክር፣ የታችኛው መስመር ወፍራሙ ስድስተኛ ክር ነው። ክሮቹ ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ተብለው ይቃኛሉ። በመስመሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ጣት የሚያርፍበትን የፍሬት ተራ ያመለክታል፤ 0 ከሆነ ክሩ ሳይነካ ክፍት ሆኖ ይመታል። ስለዚህ ታብላቸር የድምፅ ሥዕል ሳይሆን የእጅ ሥዕል ነው። ኖታ ይህን ድምፅ አሰማ ሲል፣ ታብላቸር ጣትህን እዚህ አሳርፍ ይላል። ለጀማሪ የሚቀለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አጻጻፉ የዘመናችን ፈጠራ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። በአውሮፓ ሉት ለሚባለው ባለ አውታር መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1507 ዓ.ም. በቬኒስ የፍራንቼስኮ ስፒናቺኖ መጽሐፍ በታብላቸር ታትሟል። ሉዊስ ሚላን የተባለው ስፔናዊ በ1536 ባሳተመው መጽሐፍ ዜማው በዝግታ ወይም በፍጥነት እንዲመታ በቃል ጭምር ጽፏል። በእንግሊዝ አገር የጆን ዳውላንድ የመዝሙር መጽሐፍ በ1597 ሲታተም ገጹ የተሰናዳው ዘማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሁሉም በየፊቱ እንዲያነብብ ተደርጎ ነበር። አንድ መጽሐፍ ለአራት ሰው መሆኑ ነው፤ የደብተር እጥረት ያለበት የመዘምራን ቡድን ሁሉ ይህን ብልሃት ሳያደንቅ አይቀርም።

እነዚያ የቀድሞ አታሚዎች ከመስመሮቹ በላይ የጊዜ ምልክት ያደርጉ ነበር። ምልክቱ ቀጥ ያለ ግንድ ሆኖ በጫፉ ላይ እንደ ባንዲራ ያለ ጭረት ይጨመርበታል፤ ጭረቱ በበዛ ቁጥር ድምፁ ያጥራል። በብዙዎቹ መጻሕፍት አንድ ጊዜ የተደረገው ምልክት ሌላ እስኪተካው ድረስ ይጸናል። እንግዲህ ታብላቸር ሲወለድ ጊዜ ያልነበረው አይደለም። ጊዜው የወደቀው ኋላ ነው፤ ሰዎች በኮምፒዩተር ፊደል መተየቢያ ሰረዝና ቁጥር እየደረደሩ ታብላቸር መጻፍ ሲጀምሩ። በመተየቢያው ላይ ግንድና ጭረት የለም። የቀረው በቁጥሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ ይዛባል። በደብተር ጠርዝ ላይ ቦታ ሲያጥር ገልባጩ ያጠጋጋል፤ ሲተርፈው ያራርቃል። ልኬት ያልተጻፈበትን ፕላን በማስመሪያ ለክቶ ለመሥራት የሞከረ ሰው የዚህን ውጤት ያውቀዋል።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። የትዝታ ቅኝት ሜጀር ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው፤ ስድስተኛው ከፍ ያለው ዶ ይሆናል። በጊታር ላይ እነዚህ ድምፆች 5ኛ ክር 3፣ 4ኛ ክር 0፣ 4ኛ ክር 2፣ 3ኛ ክር 0፣ 3ኛ ክር 2፣ 2ኛ ክር 1 ተብለው ይጻፋሉ። ስድስት ቁጥር፣ ስድስት ድምፅ፤ ጀማሪም በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለምዳቸዋል። አሁን እያንዳንዱ ድምፅ አጭር ወይም የአጭሩ እጥፍ ሊሆን ይችላል ብንል፣ 2 ለስድስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 64 ልዩ ልዩ አካሄድ ይገኛል። ሁሉም አጭርና ሁሉም ረጅም የሆኑት ሁለቱ በፍጥነት እንጂ በአካሄድ ስለማይለያዩ አንድ ይቀነስና 63 ይቀራል። ይህ እረፍትንና ነጥብ ያለበትን ኖታ ሳይጨምር ነው። ቁጥሩን ብቻ የጻፈ ሰው ከ63 በሮች የትኛው እንደሆነ ሳይናገር ቁልፍ ሰጥቶ ሄደ ማለት ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ስድስቱ ድምፆች እኩል ርዝመት ቢኖራቸው እንኳ ነገሩ አይቋጭም። በ6/8 ስልት በደቂቃ 60 ዋና ምት ቢመታ፣ በእያንዳንዱ ምት ውስጥ ሦስት ስምንተኛ ኖታ ስለሚገባ አንዱ ኖታ የሰከንድ ሲሶ ይቆያል። በ3/4 ስልት በደቂቃ 90 ምት ቢመታ፣ በእያንዳንዱ ምት ውስጥ ሁለት ስምንተኛ ኖታ ስለሚገባ አንዱ ኖታ አሁንም የሰከንድ ሲሶ ነው። በሁለቱም ስድስቱ ድምፆች በሁለት ሰከንድ ያልቃሉ፤ በሰዓት መቁጠሪያ ልዩነት አይገኝም። ጆሮ ግን ወዲያውኑ ይለያቸዋል። አንደኛው ሦስት ሦስት ሆኖ የሚከፈለው፣ በአገራችን ችክችካ የሚባለው ስልት የሚጓዝበት መንገድ ነው። ሁለተኛው ሁለት ሁለት ሆኖ ሲከፈል የአውሮፓ ዋልስ ይሆናል። ልዩነቱ ኃይሉ በየትኛው ድምፅ ላይ ያርፋል የሚለው ነው፤ በመጀመሪያውና በአራተኛው ወይስ በመጀመሪያው፣ በሦስተኛውና በአምስተኛው። አገርኛውን ዜማ ከደብተር ያነበበ ወጣት ሳያውቀው ወደ ዋልስ ወይም ወደ አራት ምት ሲጎትተው ጥፋቱ የእጁ አይደለም።

ስለዚህ በታብላቸር ላይ ስልተ ምት የሚጻፍበትን ዘዴ ማወቅ ይገባል። የተሟላው ዘዴ ከቁጥሮቹ በታች ግንድ መትከል ነው። ሙሉ ኖታ ግንድ የለውም። ግማሽ ኖታ አጭር ግንድ ይደረግለታል፤ አንዳንዶች ቁጥሩን በክብ ይከብቡታል። ሩብ ኖታ ሙሉ ግንድ አለው። ስምንተኛው በግንዱ ላይ አንድ ጭረት፣ ዐሥራ ስድስተኛው ሁለት ጭረት ይጨመርለታል። አጠገቡ ነጥብ ካለ ድምፁ የራሱን ግማሽ ይጨምራል፤ ሁለት ቁጥሮችን የሚያያይዝ ቅስት ሁለተኛው እንደገና ሳይመታ የመጀመሪያው እንዲቀጥል ያዝዛል። ስምንተኛ ኖታዎች ጎን ለጎን ሲመጡ ጭረቶቻቸው በአንድ አግዳሚ ይያያዛሉ። ችክችካንና ዋልስን የሚለየውም ይኸው አግዳሚ ነው፤ ሦስት ሦስት ካያያዘ 6/8፣ ሁለት ሁለት ካያያዘ 3/4 ነው። በአንድ መስመር እርሳስ የሚፈታ ነገር ነው።

ግንድ መትከል ለከበደው ቀለል ያለ መንገድ አለ። ከመስመሮቹ በላይ የቆጠራ ረድፍ ይጻፋል፤ ለ6/8 ከ1 እስከ 6፣ ለ4/4 ደግሞ «1 እና 2 እና 3 እና 4 እና» ተብሎ። ከዚያ እያንዳንዱ የፍሬት ቁጥር በሚመታበት ቆጠራ ትክክል ሥር ይቀመጣል። የተራቀቀ አይደለም፤ ዐሥራ ስድስተኛ ኖታ ሲበዛም ይጨናነቃል። ለመዝሙር አጃቢ ግን ከበቂ በላይ ነው።

የእጅ ምልክቶችም ከጊዜ ተነጥለው አይነበቡም። በሁለት ቁጥሮች መካከል «ኤች» የሚለው የላቲን ፊደል ሲገባ ሁለተኛው ድምፅ ክሩ ዳግመኛ ሳይመታ ጣት በፍሬቱ ላይ በመውደቁ ብቻ ይሰማል። «ፒ» ሲሆን ጣቱ ክሩን ነቅንቆ ሲነሣ ነው። ገደድ ያለ መስመር ጣት ክሩን ሳይለቅ ይንሸራተት ማለት ነው፤ «ቢ» ክሩ ወደ ጎን ተገፍቶ ድምፁ ከፍ ይበል፣ «ኤክስ» ደግሞ ክሩ ታፍኖ ይመታ ማለት ነው። የጀማሪዎች ስሕተት የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ነው። ቀኝ እጅ አንድ ጊዜ ብቻ ስለመታ ሁለቱን ድምፆች እንደ አንድ ቆጥረው ያጣድፏቸዋል። የሚቆጠረው ግን የተሰማው ድምፅ እንጂ የቀኝ እጅ ምት አይደለም፤ ሁለቱም የየራሳቸው ጊዜ አላቸው።

ቁጥር ብቻ ያለው ታብላቸር ለአንዳንዶች ይነበባል፣ ለአንዳንዶች አይነበብም። ይህ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «ገና» ተብሎ ሲጻፍ በዓሉ ይሁን ያልደረሰ ጊዜ፣ «አለ» ሲጻፍ ተናገረ ይሁን ይገኛል፣ ወረቀቱ አይነግርም። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሳይቸገር ያልፈዋል፤ ቋንቋውን ገና የሚማር እንግዳ ግን ይደናቀፋል። ታብላቸርም እንዲሁ ነው። መዝሙሩን አስቀድሞ የሰማ ያነብበዋል፤ ያልሰማ አያነብበውም።

ሀዲይሳና ከምባቲሳ ደግሞ መጥበቅን ብቻ ሳይሆን የአናባቢን ርዝመትም ለፍች መለያ ያደርጋሉ። ቀደም ሲል በግዕዝ ፊደል ሲጻፉ ይህ ሁሉ በአንባቢው ዕውቀት ላይ የተጣለ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በላቲን ፊደል ለትምህርት ሲጻፉ ግን ረጅሙ አናባቢ ሁለት ጊዜ፣ የጠበቀውም ተናባቢ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። «ከምባታ» በሚለው ስም ውስጥ የ«ባ» አናባቢ ይደገማል፤ በ«ሀዲያ» ውስጥ ደግሞ የ«ያ» ተናባቢ። የአካባቢው ተማሪ ርዝመትን በወረቀት ላይ ማየት ከልጅነቱ ለምዷል። ያው ተማሪ ጊታሩን ሲያነሣ ርዝመት የሌለው ጽሑፍ ይሰጠዋል። የመዝሙሩ ቃል ከቁጥሮቹ ሥር ክፍለ ቃል በክፍለ ቃል ቢጻፍለት የተደገመው አናባቢ ራሱ ጥሩ መሪ ይሆነው ነበር፤ ዜማው የቃሉን ርዝመት እንዳያጥፍበትም ይጠብቀዋል።

በዚህ ላይ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክቶች ሊጠቀሱ ይገባል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ ከቃሉ በላይ ይጻፋሉ። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ምልክቱን እንዳደራጁት ይነገራል፤ የሉት ታብላቸር በአውሮፓ ይታተም በነበረበት በዚያው ክፍለ ዘመን መሆኑ ነው። የዜማ ምልክት ያለ መምህር አይነበብም። ከዜማ ቤት ተማሪ ጋር ለዓመታት የሚቀመጥ መምህር አለና ጽሑፉ ዝም ያለውን ድምፁ ይሞላዋል። በሆሳዕናና በዱራሜ ያለው ጊታር ተማሪ ግን እንዲህ ያለ መምህር የለውም፤ ደብተሩን የጻፈው ልጅም ጆሃንስበርግ ነው። የቀድሞውን አብነት በመጥቀስ ያልተሟላ ጽሑፍን ማመካኘት ስለዚህ አያስኬድም።

በግንባታ ቦታ የሲሚንቶው፣ የአሸዋውና የጠጠሩ መጠን ተጽፎ ውኃ እየጠጣ የሚቆይበት ቀን ካልተጻፈ፣ በ28ኛው ቀን የሚደረገው የጥንካሬ ፈተና ጉድለቱን ያወጣዋል። ለታብላቸርም ተመሳሳይ ፈተና ማድረግ ይቻላል። በወረቀቱ ራስጌ ላይ የክሮቹ ቅኝት፣ ስልቱ 6/8 ወይም 4/4 መሆኑ፣ በደቂቃ ስንት ምት እንደሚመታና የላይኛው መስመር የትኛው ክር እንደሆነ ይጻፋል። የመጨረሻው ትርፍ ነገር የሚመስለው ካለ፣ በስፒናቺኖ መጽሐፍ የላይኛው መስመር ወፍራሙ ክር እንደነበረ ያስታውስ። ከዚያ ወረቀቱ መዝሙሩን ፈጽሞ ላልሰማ ሰው፣ ለምሳሌ ከሆሳዕና ወደ ሺንሺቾ፣ ያለ ድምፅ ቅጂ ይላካል። የተላከለት ሰው አንብቦ የመታው በስልክ ተቀርጾ ሲመለስ ደራሲው መዝሙሩን ካወቀው ጽሑፉ ተሟልቷል። ካላወቀው የትኛው ግንድ እንደጎደለ ከቅጂው ራሱ ይሰማል።

ስድስቱን ድምፆች በሁለቱም አከፋፈል ለመስማት የሚሻ እንግዳ ካለ፣ ጊታሩ በአዳራሹ በስተኋላ ተቀምጧል፤ ክሮቹም ተቃኝተዋል።