መዝገቡን የያዘችው እህታችን ጥፋቷ ምንድን ነው?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በሂሳብ ክፍሉ አባላት የቀረበ ንግግር)

የወሩ የቁጠባና የብድር ሂሳብ በጽሑፍ ስለታደላችሁ ዛሬ አናነበውም። በቀረችን ጊዜ ባለፈው ወር ስለተፈጠረው ነገር እንናገራለን። የምንጀምረው ግን ከማርስ ነው። አትሳቁብን፣ ወደ ሳጥናችን እንመለሳለን።

ሰኔ 27 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 4 ቀን 1997፣ ማርስ ፓዝፋይንደር የምትባል የአሜሪካ መንኮራኩር ማርስ ላይ አረፈች። ሶጆርነር የተባለች፣ አሥር ኪሎ ተኩል ገደማ የምትመዝን ባለ ስድስት ጎማ ትንሽ ተሽከርካሪ ይዛ ነበር። ስሙ የተወሰደው በባርነት ተወልዳ፣ ነፃ ከወጣች በኋላ ለባሮችና ለሴቶች መብት ከታገለችው ከሶጆርነር ትሩዝ ነው። በድርሰት ውድድር አሸንፋ ስሙን ያወጣችው የ12 ዓመት ልጅ ናት። ይህን ጣል ያደረግነው ደስ ስለሚለን ነው እንጂ ለጉዳያችን አያስፈልግም።

ጉዳያችን ኮምፒውተሯ ነው። ካረፈች ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮምፒውተሩ ሥራውን እያቋረጠ ከእንደገና መነሣት ጀመረ። በተነሣ ቁጥር የዕለቱ ቀሪ ሥራ ለማግሥቱ ይተላለፋል። ካሊፎርኒያ ያሉት ባለሙያዎች ምድር ላይ በነበራቸው አምሳያ ደጋግመው ሞክረው ምክንያቱን አገኙት።

እኛ የኮምፒውተር ባለሙያዎች አይደለንም፤ በሂሳብ ሥራ ዲፕሎማ ያለን ሰዎች ነን። የገባን እንዲህ ነው። አንድ ኮምፒውተር ብዙ ሥራ ይሠራል። ማን ይቅደም የሚለውን የሚወስነው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለው አስተዳዳሪ ፕሮግራም ነው፤ የዚያኛው ስም ቪኤክስወርክስ ነበር። ሁለት ሥራዎች አንድን ነገር እኩል ነክተው እንዳያበላሹት ቁልፍ ይበጅለታል። ቁልፉን የያዘው ይሠራል፣ ሌላው ይጠብቃል።

ሦስት ሥራዎችን አስቡ። አንደኛው በመሣሪያዎቹ መካከል መረጃ የሚመላለስበትን መስመር ይቆጣጠራል፤ ከሁሉ ይቀድማል። ሁለተኛው ከምድር ጋር የሚደረገው ግንኙነት ነው፤ መካከለኛ ነው። ሦስተኛው የአየር ጠባይ መረጃ ይሰበስባል፤ ተራው ከኋላ ነው። አንዳንድ ጊዜ የአየር ጠባዩ ሥራ ቁልፉን ይዞ ሳለ የግንኙነቱ ሥራ ይመጣና ያስቆመዋል። ደንቡ ይፈቅድለታል። የቆመው ግን ቁልፉን እንደያዘ ነው። ከዚያ ከሁሉ የሚቀድመው መጥቶ ቁልፉን ይጠብቃል። ትልቁ ትንሹን፣ ትንሹ መካከለኛውን እየጠበቀ፣ መካከለኛው ደግሞ ከኋላው የቆመውን ሳያውቅ ረጅም ሥራውን ይሠራል። ዋናው ሥራ በሰዓቱ አለመጠናቀቁን ያየው ተቆጣጣሪ ፕሮግራም ከባድ ብልሽት ደርሷል ብሎ ኮምፒውተሩን በሙሉ ከእንደገና ያስነሣዋል።

ከሦስቱ ደንብ የጣሰ የለም። እኛ ቁጭ ብለን ፈልገን አጣን።

መፍትሔው በፈረንጆቹ 1990 በተመራማሪዎች ጽሑፍ የወጣ ነበር። ትልቅ ሥራ ቁልፉን እየጠበቀ ከሆነ፣ ቁልፉን የያዘው ትንሹ ሥራ እስኪመልሰው ድረስ የትልቁን ቅድሚያ ይዋሳል፤ ስለዚህ መካከለኛው ሊያስቆመው አይችልም። ቪኤክስወርክስም ይህን ማድረግ ይችል ነበር፤ ለዚያ ቁልፍ ግን አልተፈቀደለትም ነበር። ባለሙያዎቹ ይህን የሚፈቅድ ማስተካከያ ከምድር ላኩ፤ ችግሩ ቆመ። ለ7 የማርስ ቀናት ታስባ የተሠራችው ሶጆርነር 83 ቀን ሠራች።

ችግሩ ከጉዞው በፊት በሙከራ ጊዜም ታይቶ ነበር፤ እንዲደገም ሲሞክሩ ስላልተደገመላቸው ምክንያቱ ሳይገኝ ቀረ። ሂሳብ ስንዘጋ አንዴ ታይታ የምትጠፋዋን የጥቂት ብር ልዩነት የምታውቁ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ሳጥናችን። ባለፈው ወር አንዲት አባላችን ልጇ ሆስፒታል ተኝቶባት ለማስያዣ የአስቸኳይ ብድር ጠየቀች። በደንባችን የአስቸኳይ ብድር ከሁሉ ይቀድማል። መዝገቡ ግን ሳምንታዊ ቁጠባ በምትጽፈው እህታችን እጅ ነበር፤ የጀመረችው ገጽ ተደምሮ ሳይዘጋ ደግሞ ሌላ ወጪ አይመዘገብም። እሷ ገጹን ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት በጅምላ የተገዛው ዘይትና ሳሙና መጣ። ዕደላ ከቁጠባ ጽሑፍ ይቀድማል ብለን ራሳችን ነን የወሰንነው። "ነይ አከፋፍዪ" ብለን የጠራናትም እኛው የሂሳብ ክፍሎቹ ነን። መዝገቡን በብብቷ ይዛ ዘይት ስታድል፣ እናትዮዋ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት በር ላይ ቆመች። በመጨረሻ ገንዘቡን ከሰፈር ባለሱቅ ተበድራ ሄደች።

በሳምንቱ ለመዝገብ ጸሐፊዋ "መዝገብ ይዛ በመጥፋት" የሚል ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። እኛም ፈርመንበታል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ስብሰባ ቀርታለች፤ ዛሬም የለችም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ማስጠንቀቂያው ተነሥቶ መነሣቱ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ ደብዳቤውን እኛ ቤቷ ድረስ እንወስዳለን። ሁለተኛ፣ አስቸኳይ ብድር የጠየቀች አባል ካለች፣ መዝገቡን ወይም ከሦስቱ ቁልፎች አንዱን የያዘች እህት ገጹን ዘግታ እስክታስረክብ ድረስ ለዕደላም፣ ለቡናም፣ እንግዳ ለመቀበልም ማንም አይጥራት። ሰብሳቢያችን እንኳ ቢሆኑ። ካስረከበች በኋላ ወደ ተራዋ ትመለሳለች፤ ቅድሚያው ውሰት ነውና አብሯት አይቀርም።

አንዳንዶቻችሁ ሁለተኛ መዝገብ ይገዛ ብላችሁ ነበር። ሁለት መዝገብ ሲኖር ሁለት ድምር ይኖራል፤ እሱን አንደግፍም።

ሰብሳቢያችን፣ በመጀመሪያ በማስጠንቀቂያው ላይ ድምፅ ይሰጥልን።